ጠመንጃና እንጀራ፦ የሲንጋፖር ሠራዊት አመሠራረት

በዲሴምበር 1968 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሲንጋፖር ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ሰምባዋንግ በተባለ ሥፍራ የነበረውን ትልቅ የመርከብ መጠገኛ ለአዲሱ መንግሥት አስረከበ። ዋጋው አንድ ዶላር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በርክክቡ ክሬኖቹና ወርክሾፖቹ ብቻ አልተላለፉም፤ ሦስት ሺህ ያህል ሠራተኞችም አብረው ተሻገሩ። በያጁ፣ የቶርኖ ባለሙያው፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ቀለም ቀቢውና የመጋዘን ጸሐፊው ማታ የንግሥቲቱ ባሕር ኃይል ተቀጣሪ ሆነው ተኝተው፣ ጠዋት የአንድ የሲንጋፖር ኩባንያ ሠራተኛ ሆነው ተነሡ። ኩባንያው ሰምባዋንግ ሺፕያርድ ይባላል፤ የተቋቋመው ከርክክቡ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ለዚሁ ሥራ ተብሎ ነበር።

ስለ ሲንጋፖር ሠራዊት የሚተርኩ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ከታንክና ከአውሮፕላን ይጀምራሉ። እኔ ከዚህ መርከብ መጠገኛ የጀመርሁት በምክንያት ነው። ያቺ ደሴት ሠራዊት ያቆመችው ሥራ አጥ ወጣት መንገዱን በሞላበት ጊዜ ነው። በዚያው ጊዜ ደግሞ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ የሚያበላው የውጭ ጦር ጓዙን ጠቅልሎ ሊወጣ ነበር። ስለዚህ ወታደር የሚቆጥሩት ሰዎችና የሥራ ቦታ የሚቆጥሩት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ከመቀመጥ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። የተቋሙ ጠባይ የተቀረጸው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ነጻነቱ የመጣው ሳይጠበቅ ነው። ሲንጋፖር በ1963 ከማሌዢያ ፌዴሬሽን ጋር ተዋሕዳ ነበር፤ ኦገስት 9 ቀን 1965 ተለየች። ያኔ የቆዳ ስፋቷ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከምናውቃት አዲስ አበባ እምብዛም አትበልጥም። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም። መሥራት ከሚችለው ሰው ከአሥሩ አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። በደቡብ በኩል ኢንዶኔዢያ ከማሌዢያ ጋር የገባችበት ግጭት ገና አልበረደም፤ በዚያው ዓመት ማርች ላይ በከተማዋ መሐል ማክዶናልድ ሐውስ በተባለው ሕንጻ የተጠመደ ቦምብ ሦስት ሰዎች ገድሏል። አገሪቱን ይጠብቁ የነበሩት ሁለት የእግረኛ ሻለቃዎች ብቻ ናቸው፤ በአንድ ላይ አንድ ሺህ ያህል ሰው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ተወላጅነታቸው ከማሌዢያ ነበር።

ድክመቱ ምን ያህል እንደነበር አንድ አጋጣሚ ይነግረናል። በ1966 መጀመሪያ ሁለተኛው ሻለቃ በቦርኒዮ የነበረውን ግዳጅ ፈጽሞ ሲመለስ፣ ሰፈሩ ውስጥ የማሌዢያ ጦር ተቀምጦ አገኘው። እንግዳው ጦር ለመልቀቅ እንቢ አለ። የነጻይቱ አገር ወታደሮች በከተማው ውስጥ ፋረር ፓርክ በተባለ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው አደሩ። የገዛ ሰፈሩን ማስለቀቅ የማይችል ሠራዊት ድንበር ይጠብቃል ብሎ ማን ይተማመናል?

ሠራዊቱን እንዲያቆሙ የተመረጡት ጎ ኬንግ ስዊ ነበሩ። እኚህ ሰው የኢኮኖሚ ምሁር ናቸው፤ በለንደን ተምረዋል፤ እስከ ነጻነቱ ዕለት ድረስ የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። የውትድርና ልምዳቸው ከጃፓን ወረራ በፊት በበጎ ፈቃደኞች ጦር ውስጥ ካገኙት የአሥር አለቃነት ማዕረግ አያልፍም። አዲሱ መሥሪያ ቤታቸው የአገር ውስጥ ጉዳይና የመከላከያ ሚኒስቴር ተባለ፤ ፖሊሱንም ጦሩንም የያዘ ነበር። አንድ የሒሳብ ሰው የጦር ሚኒስትር መሆኑ ድንገተኛ ቢመስልም፣ ኋላ የተከተለው ሁሉ የሒሳብ ሰው እጅ እንዳለበት በግልጽ ያሳያል።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ኩዋን ዩ መጀመሪያ ለሕንድና ለግብፅ መሪዎች ጽፈው ጦሩን በማሠልጠን እንዲረዷቸው ጠይቀው ነበር። የሚጨበጥ ዕርዳታ አልተገኘም። እሺ ያለችው እስራኤል ናት፤ ባንኮክ የነበሩት አምባሳደሯ አስቀድመው ለማገዝ ፈቃደኝነታቸውን አሳይተው ነበር። በ1965 መጨረሻ በኮሎኔል ያዕቆብ ኤላዛሪ የሚመራ ትንሽ ቡድን ገባ። ዙሪያዋን በሙስሊም አገሮች የተከበበች አገር የእስራኤልን መኮንኖች በይፋ ማሳየት ስላልፈለገች «ሜክሲኳውያን» የሚል መጠሪያ አወጣችላቸው። በዚያው አሥር ዓመት የእስራኤል መኮንኖች በኢትዮጵያም ያሠለጥኑ ነበርና የእኛ አገር አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ቡድኑ የሚሠራባቸው ሁለት ሰነዶች አስቀድመው ተዘጋጅተው ነበር፤ በሽፋናቸው ቀለም «ቡናማው መጽሐፍ»ና «ሰማያዊው መጽሐፍ» ይባሉ ነበር። አንደኛው ስለ ሠራዊቱ አደረጃጀት፣ ሁለተኛው ስለ ሚኒስቴሩና ስለ መረጃ ሥራው ነው።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በሚኒስትሩና በጠቅላይ ሚኒስትሩ መካከል ነው። ጎ ኬንግ ስዊ በመጀመሪያ ያቀረቡት ዕቅድ እስከ 1969 ድረስ አሥራ ሁለት የመደበኛ ጦር ሻለቃዎች የሚያቆም ነበር። ሊ ኩዋን ዩ አልተስማሙም። መደበኛ ወታደር ወር በመጣ ቁጥር ደመወዝ፣ ጡረታና ቤት ይፈልጋል፤ ያ ገንዘብ ደግሞ ለመንገድ፣ ለመብራትና ለፋብሪካ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ መደበኛው ጦር ትንሽ ይሁን፣ ሕዝቡ ግን በየተራ እየሠለጠነ ወደ ሥራው ይመለስና በአደጋ ጊዜ ይጠራ አሉ። ይህ ሐሳብ አሸነፈ። ወጣቱ ለአገሩ ጊዜውን ያበድራል፤ አገሪቱም ብድሯን በቀጠሮዋ ትመልሳለች። የሲንጋፖርን ሠራዊት ከሌሎች አዲስ አገሮች ሠራዊት የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን ነጻ የወጡ ብዙ አገሮች ሥራ አጡን ወጣት ሁሉ ዩኒፎርም አልብሰው ደመወዝ የሚቆርጡለት መደበኛ ጦር አቋቁመው፣ ቆይቶ ጦሩ ራሱ ቤተ መንግሥት ገብቷል።

ሥልጠናው የተጀመረው በደሴቲቱ ምዕራብ ፓሲር ላባ በተባለ ቦታ በተከፈተው ማሠልጠኛ ነው። ተቋሙ በ1966 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው አዛዥ ኪርፓ ራም ቪጅ የተባሉ የሕንድ ዝርያ ያላቸው ሲንጋፖራዊ ነበሩ። በጁላይ 1967 117 ዕጩ መኮንኖች ተመረቁ። ቁጥሩ ለትልቅ አገር ምንም አይደለም። ለዚያች ደሴት ግን ከአንድ ወር ያህል በኋላ ለሚገቡት ምልምሎች አዛዥ የሚሆኑት እነዚህ ነበሩ።

ምልምሎቹን ማግኘት ቀላል አልነበረም። ከሕዝቡ አብዛኛው ቻይናዊ ሲሆን፣ በቻይናውያን ዘንድ የቆየ አባባል አለ፤ ጥሩ ብረት ምስማር አይሆንም፣ ጥሩ ልጅም ወታደር አይሆንም ይላል። በዚያ ላይ መጥፎ ትዝታ ነበር። እንግሊዞች በ1954 የብሔራዊ ውትድርና ሕግ ሲያወጡ የቻይንኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሜይ 13 ቀን ሰልፍ ወጥተው ከፖሊስ ጋር ተጋጭተዋል። ለቅኝ ገዢ ጦር መሞት አንፈልግም ያሉ ወጣቶች ታናሾች አሁን ለራሳቸው አገር እንዲሰለፉ ሊጠየቁ ነው።

ውትድርናውን ግዴታ የሚያደርገው ሕግ በማርች 1967 በምክር ቤት ጸደቀ። የመጀመሪያዎቹ ተጠሪዎች በ1949 የመጀመሪያ ስድስት ወራት የተወለዱ ወንዶች ሲሆኑ፣ ዘጠኝ ሺህ ያህል ነበሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያሠለጥን መኮንንም ሰፈርም የለም። ስለዚህ ከአሥር አንዱ ያህል፣ ዘጠኝ መቶ የሚሆነው፣ በትምህርቱ ሻል ያለው፣ ለሙሉ ጊዜ አገልግሎት ተመረጠ። ሌላው በሕዝባዊ መከላከያ ጦር፣ በልዩ ፖሊስና በሰፈር ጥበቃ ክፍሎች ከሥራው ጎን ለጎን በትርፍ ሰዓቱ እንዲያገለግል ተደረገ። ለሙሉ ጊዜ የተጠሩት ኦገስት 17 ቀን ገቡ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሻለቃ የተመሠረቱት በእነርሱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። «ብሔራዊ ውትድርና» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ ከባድ ነው። በደርግ ዘመን አፈሳ ያየ ቤተሰብ፣ ልጁ ከገበያ ወጥቶ የቀረበት እናት፣ ቃሉን በመልካም አይሰማውም። ወጣቱ ስንት ጊዜ እንደሚቆይና ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው ቢነገረውም የሚያምን አልነበረም። ሲንጋፖሮችም ቢሆኑ ልጃቸውን በደስታ ሰጡ ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን መንግሥቱ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ በየሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል የሽኝት ግብዣ አዘጋጀ፤ የምክር ቤት አባላትና የሰፈር ሽማግሌዎች ተገኝተው ልጆቹን መረቁ። ሁለተኛና ዋናው፣ የሙሉ ጊዜ አገልግሎቱን የፈጸመ ወጣት ሲወጣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በግል ድርጅት ሥራ እንደሚያገኝ ቃል ገባለት። ሥራ በጠፋበት አገር ይህ ቃል ከማንኛውም የአገር ፍቅር ንግግር በላይ ይመዝናል። የወላጆችን ልብ ያሳረፈው ይህ እንደሆነ አምናለሁ።

ጠመንጃውስ ከየት ይመጣል? በጃንዋሪ 1967 ቻርተርድ ኢንዱስትሪስ ኦፍ ሲንጋፖር የተባለ የመንግሥት ኩባንያ ተቋቋመ። መጀመሪያ የሠራው 5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። ቀጥሎ ከአሜሪካው ኮልት ኩባንያ ፈቃድ ገዝቶ ኤም 16 ጠመንጃ ማምረት ጀመረ። በ1968 የአገሪቱ የሳንቲም መቅረጫ በዚሁ ኩባንያ ሥር ተቋቋመ። ይህን ሳነብ ተገርሜያለሁ፤ ነገር ግን ሒሳቡ ግልጽ ነው። የጥይት ቀለህ የሚቀጠቅጥ ፋብሪካና ሳንቲም የሚቀርጽ ፋብሪካ የሚፈልጉት ችሎታ ቅርብ ለቅርብ ነው፤ ሁለቱም በብረት ላይ ስሕተት የማይሠራ እጅ ይሻሉ። እንዲህ ያለ እጅ በአንድ ዓመት አይገኝም፤ ከተገኘ ደግሞ ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ አይተውም።

ይህ ሁሉ ገና በጅምር ላይ ሳለ ከለንደን መርዶ መጣ። እንግሊዝ በ1967 አጋማሽ ጦሯን ከሩቅ ምሥራቅ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ቀስ በቀስ እንደምታስወጣ አስታውቃ ነበር። በኖቬምበር የገንዘቧን የምንዛሪ ዋጋ ለመቀነስ ተገደደች። በጃንዋሪ 1968 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ዊልሰን የመውጫውን ጊዜ አሳጠሩት። መጀመሪያ የተባለው ማርች 1971 ነው። ሊ ኩዋን ዩ ለንደን ድረስ በርረው ተሟገቱ፤ ያገኙት ዘጠኝ ወር ነው፤ ቀኑ ወደ 1971 መጨረሻ ተዛወረ።

የጦር ሰፈሮቹ ምን እንደነበሩ ካልታወቀ የመርዶው ክብደት አይገባም። የእንግሊዝ ጦር ወጪ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አምስተኛ ያህሉን ይይዝ ነበር። ሠላሳ ሺህ ያህል ሰው በቀጥታ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ሌላ አርባ ሺህ ያህል ደግሞ በዙሪያው በሚሰጥ አገልግሎት ያድራል። እነማን ናቸው ቢባል፣ የመርከብ ጠጋኙ፣ ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ የክበቡ አስተናጋጅ፣ ልብስ ሰፊው፣ በመኮንን ቤት ልጅ የምታሳድገው ሞግዚት፣ የምታበስለውና የምታጥበው ሴት፣ በሰፈሩ በር ላይ ሱቅ የከፈተው ነጋዴ ናቸው። ቦታዎቹ ከደሴቲቱ መሬት ከአሥር እጅ አንዱን ይሸፍኑ ነበር። የሰሜኑ ባሕር ኃይል ሰፈር፣ የሰለታር፣ የተንጋ፣ የቻንጊና የሰምባዋንግ አውሮፕላን ማረፊያዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ከተማ ነበሩ። ጥበቃው ሲሄድ ደመወዙም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ዓይነቱን ድርብ ጉዳት የቀመሰ አገር ብዙ አይደለም።

በ1968 ፌብሩዋሪ አካባቢ የሰፈሮቹን ንብረት ወደ ሲቪል ሥራ የሚያዞር መምሪያ ተቋቋመ፤ ኃላፊነቱም የኢኮኖሚ ልማት ቦርድን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለመሩት ለሆን ሱዊ ሴን ተሰጠ። ስሙ ማራኪ ያልሆነ፣ ትዝታው የደበዘዘ መሥሪያ ቤት ነው። በእኔ ግምት ግን የአገሪቱን መከላከያ ያቆመው ከታንኩ ይልቅ ይህ መምሪያ ነው። ሥራው በዝርዝር የተሞላ ነበር፤ የትኛው መጋዘን ለየትኛው ፋብሪካ ይሆናል፣ የትኛው ሠራተኛ በምን ሙያ እንደገና ይሠለጥናል፣ የትኛው ሰፈር ቀድሞ ይለቀቃል የሚለውን አንድ በአንድ መያዝ ነው። እንግሊዝ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ዕርዳታ ሰጠች። ዋናው ድርድር ግን በገንዘቡ ላይ አልነበረም፤ ዕቃው ሳይነቀል፣ ሠራተኛው ሳይበተን እንዲቆይ ነው።

ውጤቱ ቦታ በቦታ ይታያል። የመርከብ መጠገኛው ነገር ከላይ ተነግሯል፤ ስዋን ሃንተር የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ሠሪ ድርጅት አስተዳዳሪዎችን አቅርቦ የነጋዴ መርከብ መጠገን ቀጠለ። በ1938 በንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ስም የተመረቀው ግዙፍ ገንዳ፣ መርከቡ ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ውኃው ተመጥጦ ሆዱ የሚታይበት፣ ለጦር መርከብ ተሠርቶ ለነዳጅ ጫኝ መርከቦች ዋለ። ይህ ገንዳ የነበረበት የጦር ሰፈር የተሠራው ጃፓንን ለመመከት ነው፤ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 ግን ሲንጋፖር በጃፓን እጅ ወደቀች። በሌላው ትከሻ ተማምኖ መኖር ምን እንደሚያመጣ የዚያ ትውልድ ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል። የባሕር ኃይሉ የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፕ በ1969 ለተቋቋመ አዲስ የመከላከያ ኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ መነሻ ሆነ። ሰለታር የአውሮፕላን ጥገና መንደር ሆነ። ምሽግ የነበረችው የብላካንግ ማቲ ደሴት ሰንቶሳ ተብላ የመዝናኛ ቦታ ሆነች። በቻንጊ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው አውሮፕላን ማረፊያ በ1981 ተከፈተ፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ መንገደኛም አልፎበታል።

ይህ ያለ ዋጋ አልመጣም። በኤፕሪል 1968 በተደረገው ምርጫ ገዢው ፓርቲ 58ቱንም ወንበር ያዘ። ወዲያው የወጡት የሥራ ሕጎች የሠራተኛውን መብት አጠበቡ፤ የሥራ ሳምንቱ 44 ሰዓት ሆነ፣ የበዓል ቀን ተቀነሰ፣ መቅጠርና ማሰናበት የአሠሪው ሥልጣን ሆነ። መንግሥቱ ጦሩ ሲወጣ ባዶ የሚሆነውን ቦታ የውጭ ባለሀብት ካልሞላው ሁሉም ይራባል ብሎ ተከራከረ። የሠራተኛ ማኅበራቱ ተቀበሉት። አማራጭ ስላልነበራቸው ይሁን አምነውበት፣ ሸክሙን የተሸከመው ሠራተኛው መሆኑ መነገር አለበት። በዚያው ዓመት ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የጀርመኑ የካሜራ ድርጅት ሮላይ ተከተለ፤ ብዙ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የፋብሪካ ደመወዝተኛ ሆኑ።

ሠራዊቱም በዚያው ልክ አደገ። በኦገስት 1969 የነጻነት በዓል ሰልፍ ላይ ከእስራኤል የተገዙ 18 ኤኤምኤክስ 13 ታንኮች በሕዝብ ፊት አለፉ። የአየር መከላከያው ክፍል በ1968 ተጀመረ። ጎ ኬንግ ስዊ በ1967 ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ተመልሰው፣ በ1970 እንደገና ወደ መከላከያ ተዛወሩ። ፖሊሱና ጦሩ በሁለት ሚኒስቴር የተለዩት በዚያው ዓመት ነው። አንድ ሰው በሁለቱ ወንበሮች መካከል መመላለሱ ለሠራዊቱ የሚወጣው ገንዘብ በወሰን እንዲያዝ የረዳ ይመስለኛል።

የእንግሊዝ የሩቅ ምሥራቅ ዕዝ በኦክቶበር 1971 መጨረሻ ተዘጋ። የተፈራው የሥራ አጥ ጎርፍ አልመጣም። እንዲያውም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካዎቹ ሰው አጥተው ከማሌዢያ ሠራተኛ ማስገባት ጀመሩ።

ግን አንድ ጥቁር ገጽ አለ፤ እርሱን ዘልሎ ማለፍ ለታሪኩ ታማኝ አለመሆን ነው። ከሕዝቡ 15 በመቶ የሚሆኑት ማላዮች ከ1967 ጀምሮ ለዓመታት በአብዛኛው ለአገልግሎት አልተጠሩም። መንግሥቱ ከማሌዢያ ጋር ጠብ ቢነሣ ታማኝነታቸው ይፈተናል ብሎ ፈርቶ ነበር። ከነጻነት በፊት ጦሩና ፖሊሱ ለማላይ ቤተሰብ የቆየ የእንጀራ መንገድ ነበር፤ ያ መንገድ ጠበበ። ከዚያ የባሰው ደግሞ በሕግ ነጻ አልተባሉም። አሠሪው «አገልግሎትህን ጨርሰሃል?» ብሎ ሲጠይቅ ወጣቱ አልተጠራሁም ከማለት በቀር መልስ የለውም፤ ነገ ይጠራብኛል ብሎ የፈራ አሠሪ ደግሞ አይቀጥረውም። ለሌላው ወጣት የሥራ በር የከፈተ ሕግ ለማላዩ ወጣት በር ዘጋበት። ጥሪው ቀስ በቀስ እየሰፋ ሁሉንም የጨመረው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ነው። የባከኑት ዓመታት ግን ለአንድ ትውልድ አልተመለሱም። በዚህ ጉዳይ የሲንጋፖር መሪዎች ተሳስተዋል።

የመርከብ ሥራ፣ የአውሮፕላንና የኤሌክትሮኒክስ የመንግሥት ድርጅቶች ተጣምረው በ1997 ኤስቲ ኢንጂነሪንግ ሆኑ፤ ጥይት ሠሪው ኩባንያም ቆይቶ ተቀላቀለው፤ ድርጅቱ ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኛ አለው፤ ከገቢው ብዙው የሚመጣው ከሲቪል ሥራ ነው። የሙሉ ጊዜ አገልግሎቱ ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ወታደሩ እስከ 40 ዓመቱ፣ መኮንን ከሆነ እስከ 50 ዓመቱ ድረስ በተጠባባቂነት በየጊዜው ይጠራል። እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ አልፏል። የ18 ዓመቱ ወጣት ጸጉሩን ተላጭቶ በሰፈሩ በር ሲገባ የሚወጣበትን ቀን አስቀድሞ ያውቃል።